ሞተሯ ያልተነካ

በአዲስ አበባ ያገለገለች መኪና ለገበያ ስትቀርብ ከቀለሟና ከዋጋዋ ቀድሞ የሚነገርላት ምስክርነት «ሞተሯ ያልተነካ» የሚል ሲሆን፣ ትርጉሙም ከፋብሪካ ከወጣችበት ቀን ጀምሮ ሞተሯን የፈታ፣ የቀየረ ወይም የነካካ እጅ የለም ማለት ነው። ኮፈኑ ሲነሣ ግን ዓይን ቀድሞ የሚያርፈው ፋብሪካው ፈጽሞ ባላሰባቸው ነገሮች ላይ ይሆናል፦ ከባትሪው ተነሥቶ ሌሎቹን ሽቦዎች ሁሉ በላያቸው አቋርጦ ወዳልታወቀ ስፍራ የሚጓዝ ቀይ ሽቦ፣ ካላማዳሪ በሚባለው የጎማ የውስጥ ፊኛ ቁራጭ ተጠፍንጎ የታሰረ ቱቦ፣ ከሞተሩ የላይኛው ክዳን ወጥቶ አፉን በሃይላንድ ፕላስቲክ ውስጥ የደፋ ሌላ ቱቦ፣ እንዲሁም አንዱ ጫፉ ከምንም ጋር ሳይያያዝ በናስትሮ በጥንቃቄ የተጠቀለለ፣ ምንነቱ የማይታወቅ ነገር። ገዢው ስለ እነዚህ ሲጠይቅ ሻጩ ሳይደነግጥና ሳያፍር «እሱ እኔም ስገዛት ነበረ» ብሎ ይመልሳል። መልሱ ማምለጫ ይመስላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ቃል በቃል እውነት ነው፤ እንቆቅልሹም የሚጀምረው እውነት ከመሆኑ ላይ ነው።

በዚህ ጽሑፍ «የእጅ ማሻሻያ» የሚባለው መኪናን ወደ ነበረችበት ሁኔታ የሚመልሰው ተራ ጥገና አይደለም። ፋሻ፣ ማለትም በፒስተኑና በሲሊንደሩ ግድግዳ መካከል ያለውን ክፍተት የሚዘጋው ቀለበት፣ ሲያረጅ በአዲስ መተካቱ ጥገና ሲሆን፣ ማርጀቱን የሚያሳብቀውን ጭስ ወደማይታይበት ቦታ መምራት ግን ማሻሻያ ነው። የመጀመሪያው ሞተሩን ማውረድን፣ ቀናትን መጠበቅንና ብዙ ገንዘብን የሚጠይቅ ሲሆን፣ ለሁለተኛው አንድ ክንድ ቱቦና አንድ ፋሼታ ይበቃሉ፤ በገበያው ላይ የትኛው በብዛት እንደሚገኝ ከዚህ በላይ ማብራራት አያስፈልግም።

ለነገሩ መስፋፋት መካኒኮችን ብቻ መውቀስ አግባብ አይሆንም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ዕድሜያቸው በገፋ ያገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ በመጣሉ ከውጭ ማስገባታቸው እጅግ ውድ ሆነ፤ በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ በኤሌክትሪክ የማይሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መንግሥት መወሰኑን አስታወቀ። ከዚህ በኋላ በከተማው የምትገኝ የቤንዚን መኪና በቀላሉ የሚተካት ስለሌለ፣ በሌላ አገር ቢሆን ወደ ብረት ማቅለጫ የምትላከው ኮሮላ ዲኤክስ እዚህ ከአባት ወደ ልጅ፣ ከልጅ ወደ ደላላ፣ ከደላላ ወደ አዲስ ሙሽሮች እየተሸጋገረች ትኖራለች። በእያንዳንዱም ሽግግር አንድ መካኒክ፣ አንድ የመኪና ኤሌክትሪሻንና አንድ «ለምን ገንዘብ ታወጣለህ፣ እኔ እሠራልህ የለ!» የሚል የአጎት ልጅ የየራሳቸውን አሻራ ይተዉባታል። ከሦስቱም የጽሑፍ ማስታወሻ የሚተው የለም።

ያገለገለ መኪና ገበያ በምጣኔ ሀብት ጥናት ውስጥ የክብር ቦታ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1970 አሜሪካዊው ጆርጅ አከርሎፍ ስለዚሁ ገበያ አንድ አጭር ጽሑፍ ባሳተመ ጊዜ ነው፤ ጽሑፉን ሦስት መጽሔቶች ሳይቀበሉት ቀርተው አራተኛው ያተመው ሲሆን፣ ደራሲውም እ.ኤ.አ. በ2001 ከማይክል ስፔንስና ከጆሴፍ ስቲግሊትዝ ጋር በምጣኔ ሀብት የኖቤል ሽልማትን ተጋርቷል። ሐሳቡ ውስብስብ አይደለም፤ ሻጩ የመኪናውን ጉድ ያውቃል፣ ገዢው አያውቅም፣ ገዢው አለማወቁን ስለሚያውቅ ለማናቸውም መኪና ዝቅ ያለ ዋጋ ይሰጣል፣ ስለዚህም ደህና መኪና ያለው ሰው በዚህ ዋጋ አልሸጥም ብሎ ከገበያው ሲወጣ ብልሹዎቹ ብቻ ይቀራሉ። ይህ ትንታኔ ግን ሻጩ ያውቃል ከሚል መነሻ ይነሣል። በሃያ ዓመት ውስጥ በብዙ ባለቤቶችና ከዚያም በሚበልጡ ጋራዦች እጅ ያለፈች መኪና በምትሸጥበት ስፍራ፣ ስለ ሞተሯ ያለው እውቀት በከተማው ተበታትኗል፤ ያ ቀይ ሽቦ ለምን እንደተዘረጋ የሚያውቀው ብቸኛ ሰው ምናልባት ዛሬ ሐዋሳ ላይ ባጃጅ ይጠግን ይሆናል። እንዲህ ባለው ገበያ ሻጭና ገዢ በእኩል አለማወቅ ላይ ቆመው ይደራደራሉ፤ ልዩነታቸው ሻጩ አለማወቁን የለመደው መሆኑ ነው።

ከማሻሻያዎቹ ሁሉ ሰፊውን ድርሻ የሚይዘው የሙቀት ጉዳይ ሲሆን፣ ለዚህም የከተማዋ አቀማመጥ የራሱ አስተዋጽኦ አለው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,355 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ በመሆኗ፣ በክፍት ድስት የተጣደ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። የመኪና ሞተር በአግባቡ የሚሠራው ግን የማቀዝቀዣው ውሃ 90 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ስለሆነ፣ በሥራ ሙቀትና በመፍላት መካከል ያለው ርቀት እዚህ ከተማ እጅግ ጠባብ ይሆን ነበር። እንዳይጠብብ የሚያደርገው ብዙ ሰው ተራ መክደኛ አድርጎ የሚያየው የራዲያተር ክዳን ነው፤ ክዳኑ በውስጡ ባለው ሞላና ላስቲክ አማካይነት ውሃውን አምቆ ግፊቱን ስለሚጨምር፣ ጤነኛ በሆነ ጊዜ የመፍያውን ነጥብ ከ110 ዲግሪ በላይ ያደርሰዋል። ሞላው ሲላላ ወይም ላስቲኩ ሲበላ ግን ክዳኑ ክዳን መምሰሉን ሳያቋርጥ ሥራውን ያቆማል። በዚህ ጊዜ ውሃው በ92 ዲግሪ ይፈላል፤ ራዲያተሩን በነፋስ የሚያቀዘቅዘው የኤሌክትሪክ ቬንትሌተር ደግሞ በብዙ መኪኖች ላይ የሚነሣው ከዚህ ጥቂት ከፍ ባለ ሙቀት በመሆኑ፣ ክዳኗ የደከመ መኪና ቬንትሌተሯ ገና ሳይነሣ ውሃዋ ይንተከተካል።

ከዚህ በኋላ የሚከተለው የምርመራ ሂደት በሥነ አመክንዮ መማሪያ መጽሐፍ ውስጥ ቢገባ የሚያሳፍር አይደለም፤ መነሻው ከመሳሳቱ በቀር እያንዳንዱ እርምጃ ትክክል ነውና። ባለቤቱ ውሃው እየፈላ ቬንትሌተሩ ቆሞ ስላየ ጥፋተኛው ቬንትሌተሩ ነው ብሎ ይደመድማል፤ ኤሌክትሪሻኑም ሙቀቱን ለክቶ የሚያስነሣውን ሴንሰር ከመንገዱ አውጥቶ ቬንትሌተሩን «ዳይሬክት» ያደርገዋል፣ ማለትም ሙቀት ኖረም አልኖረም ቁልፉ እንደተከፈተ እንዲዞር በቁልፉ በኩል ከባትሪው ጋር በቀጥታ ያገናኘዋል። ክዳኑ ያው ስለሆነ መኪናዋ ሙቀት መሥራቷን አትተውም። ቀጥሎ የሚጠረጠረው ቴርሞስታት ነው። ቴርሞስታት በውስጡ ያለው ሰም ሲቀልጥና ሲያብጥ የሚከፈት ትንሽ በር ሲሆን፣ ሞተሩ እስኪሞቅ ድረስ ውሃው ወደ ራዲያተሩ እንዳይሄድ እንደ ደንብ አክባሪ ዘበኛ ደጁን ዘግቶ ቆይቶ፣ እንደ መኪናዋ ዓይነት በ82 ወይም በ88 ዲግሪ ገደማ መክፈት ይጀምራል። መካኒኩ ይህን ዘበኛ ነቅሎ ይጥለዋል። «ይቺ ለበረዶ አገር የተሠራች ናት፤ ለእኛ አገር ሙቀት አትሆንም» የሚለው ማብራሪያ በጋራዦች ውስጥ ከአስተማሪ ወደ ረዳት ሲወርድ የኖረ ትምህርት ሲሆን፣ ትምህርቱ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት አስተማሪውም ተማሪውም እጃቸውን በትንፋሻቸው እያሞቁ መሆኑ ክብደቱን ሲቀንሰው አልታየም።

ቴርሞስታቱ የወጣለት ሞተር የሚገባውን ሙቀት ሳያገኝ ውሎ ያድራል። ነዳጁ በኮምፒውተር የሚመጠንለት ከሆነ ኮምፒውተሩ ሞተሩን ገና እንደተነሣ ስለሚቆጥረው ቤንዚን ይጨምርለታል፤ ያልተቃጠለው ቤንዚን በሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ያለውን ዘይት ያጥበዋል፤ በዘይት መሙያው ክዳን ሥር የተጠራቀመው እርጥበትም ከዘይቱ ጋር ተደባልቆ ቡናማ ቅባት ይሆናል። መኪናዋ እንግዲህ በከተማ ውስጥ ቀዝቅዛ ቤንዚን ስትፈጅ ትከርምና፣ አንድ ቀን ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ሸለቆ ወርዳ የደጀንን አቀበት መውጣት ስትጀምር ክዳኑ አሁንም ያው በመሆኑ ውሃዋ ይፈላል። በዚህ ደረጃ የሚቀረው የመጨረሻ መፍትሔ የሙቀት መለኪያውን ራሱን ማረጋጋት ሲሆን፣ ለዚህም በሴንሰሩ ሽቦ ላይ አንዲት ትንሽ ሬዚስተር (የኤሌክትሪክን ፍሰት የምትቀንስ ክፍል) መጨመር ይበቃል፤ መርፌው ከመሐል ዝቅ ብሎ ይቀመጣል፣ ከዚያም ምንም ቢመጣ ብዙ አይነቃነቅም። እነሆ አንዲት የደከመች ክዳን ሦስት ጤነኛ የመኪና ክፍሎችን፣ ይኸውም የቬንትሌተሩን ሴንሰር፣ ቴርሞስታቱንና መለኪያውን፣ ከሥራ አሰናብታ እርሷ በቦታዋ ትቀራለች። ሻጩ ኮፈኑን ከፍቶ ለገዢው ሲያስጎበኝ መታ መታ እያደረገ «ይቺ ራሷ ኦሪጂናል ናት፣ ጋሼ» የሚለውም ስለ እርሷ ነው።

በሌሎቹም ማሻሻያዎች ውስጥ የሚታየው ጠባይ ይኸው ነው፤ ሕመሙ እንዳለ ይቆይና ሕመሙን የሚናገረው ምስክር ዝም እንዲል ይደረጋል። ከፒስተኑ አልፎ ወደ ሞተሩ ሆድ የሚሾልከው ጋዝ በአንድ ቱቦ ተመልሶ ወደ አየር መሳቢያው ገብቶ እንዲቃጠል የሚያደርገው ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ከካሊፎርኒያ የአየር ብክለት ቁጥጥር ጋር የተስፋፋ ሲሆን፣ ፋሻው ሲያረጅ የሚሾልከው ጋዝ ስለሚበዛ ዘይት ጭኖ ይመጣና ከጭስ ማውጫው የሚወጣውን ሰማያዊ ጭስ ያባብሰዋል። ቱቦው ከአየር መሳቢያው ተነቅሎ ወደ መሬት ሲዘነበል ወይም ሃይላንድ እየተባለ በሚጠራው የውሃ ፕላስቲክ ውስጥ ሲከተት ከዚህ ጭስ የተወሰነው ከዓይን ይሰወራል፤ ፕላስቲኩ በየጊዜው ጥቁር ዘይት ይሞላል፣ ይደፋል፣ ተመልሶ ይታሰራል። ጠንቃቃ ሻጭ ገዢ ከመምጣቱ በፊት ፕላስቲኩን በንጹሕ መለወጥን አይዘነጋም፤ የሚዘነጋው «ሞተሯ ያልተነካ» የተባለላት መኪና ሆድ ውስጥ የባለፈው ዓመት የምርት ቀን የታተመበት የውሃ ጠርሙስ ሊገኝ የማይገባ መሆኑን ነው።

በዚህ ረገድ ከፍተኛው ጥበብ የሚታየው ግን በዳሽቦርዱ ላይ የሞተር ሥዕል ይዞ በሚበራው ብርቱካናማ መብራት ዙሪያ ነው። መብራቱ የሞተሩ ኮምፒውተር ብልሽት ማግኘቱን የሚያስታውቅበት ሲሆን፣ አምፑሉን መንቀል ወይም በጥቁር ናስትሮ መሸፈን የጀማሪ ሥራ ተደርጎ ይቆጠራል፤ ቁልፉ ተከፍቶ ሞተሩ ሳይነሣ በፊት የማስጠንቀቂያ መብራቶቹ ሁሉ መብራት ስላለባቸው፣ በዚያ መሐል ያልበራው ራሱን ያጋልጣልና። የበሰለው ባለሙያ የዚህን መብራት ሽቦ ከዘይት ግፊት መብራት ሽቦ ጋር ያጋባዋል፤ ሁለቱ ቁልፍ ሲከፈት አብረው ይበራሉ፣ ሞተሩ ሲነሣም አብረው ይጠፋሉ፣ ገዢውም እጁን አፉ ላይ ጭኖ ያደንቃል። ይህን የሠራ ሰው የመኪናዋን የኤሌክትሪክ መስመር ጠንቅቆ የተረዳ መሆኑ አያጠያይቅም፤ በዚያው እውቀትና በዚያው ግማሽ ቀን ብልሽቱን ራሱን ማስወገድ ይችል እንደነበረም እንዲሁ አያጠያይቅም።

ስለ ዘይትና ስለ ካምቢዮ የሚነገረው አጭር ነው። የሚንኳኳና የሚያጨስ ሞተር ውስጥ ለካምቢዮ የተሠራ ወፍራም ዘይት መጨመር ድምፁንም ጭሱንም ለጥቂት ቀናት ያበርደዋል፤ ጥቂት ቀናት ደግሞ አንድን ውል ለመዋዋል ከበቂ በላይ ናቸው። ይህ ዓይነቱ ብልሃት የኢትዮጵያ ፈጠራ ነው የሚል ሰው ካለ አገሩን ያለ አግባብ ማክበሩ ነው። ብሪታኒያዊው ደራሲ ሮአልድ ዳል እ.ኤ.አ. በ1988 ባሳተመው «ማቲልዳ» በተባለው የልጆች መጽሐፍ ውስጥ የልጅቷ አባት ያገለገሉ መኪኖች ነጋዴ ሲሆን፣ በካምቢዮ ውስጥ ሰጋቱራ እየጨመረ ድምፁን ያጠፋል፣ የኪሎ ሜትር መቁጠሪያውንም በኤሌክትሪክ መሰርሰሪያ ወደ ኋላ ያዞራል፤ ልጆች ሊረዱት የሚችሉት የታወቀ ነገር ባይሆን ኖሮ ደራሲው ለእነርሱ ባልጻፈው ነበር።

ተመራማሪን ከሁሉ ይልቅ የሚፈትነው ግን ስም የሌለው ማብሪያ ማጥፊያ ነው። መገኛው ብዙውን ጊዜ ከመሪው ሥር፣ በግራ ጉልበት አጠገብ ሲሆን፣ አንዳንዴ ከሌላ መኪና የተነቀለ፣ አንዳንዴም ለቤት መብራት የተሠራ ሆኖ በአንድ ብሎን ተንጠልጥሎ ይገኛል። ምንም አልተጻፈበትም። ቬንትሌተሩን ከመቀመጫ ላይ ለማስነሣት የገባ ሊሆን ይችላል፤ ሌባ ቢነሣባት ሩቅ እንዳትሄድ የቤንዚን ፓምፑን ለመቁረጥ የገባ ሊሆን ይችላል፤ ከዓመታት በፊት ተነቅሎ የተሸጠ የጉም መብራትን ለማብራት የገባም ሊሆን ይችላል። ሻጩ ሲጠየቅ ከሦስት አንዱን ይመልሳል፦ «እሱ አይሠራም»፣ «እሱ አይነካም» ወይም «እሱን እንዳለ ይተዉት፣ ጋሼ»። ከሦስቱ መልሶች ሁለተኛው ትኩረት የሚሻ ነው፤ የማይሠራ ነገር ቢነካም ጉዳት ስለሌለው፣ አይነካም የተባለው አንድ ነገር ስለሚሠራ ነው ማለት ነውና። የሚያስገርመው ክልከላው ከባለቤት ወደ ባለቤት ሳይዛነፍ መተላለፉ ነው፤ የዘይት መቀየሪያ ቀን፣ የጎማ ዕድሜና የቀድሞ ግጭቶች ታሪክ በሽያጩ መካከል ሲጠፉ፣ ይህ ማብሪያ ማጥፊያ እንዳይነካ የሚለው አደራ ብቻ ምክንያቱ ተረስቶ ትእዛዙ ጸንቶ ይኖራል።

ነገሩን በሙከራ ለማወቅ የሚሞክር ደፋር ገዢም አይጠፋም፤ ነገር ግን ሙከራው ራሱ ችግር አለበት። ማጥፊያው ሲጫን መኪናዋ መገናኛ አደባባይ መሐል ብትቆም ቢያንስ ጥያቄው መልስ አገኘ፤ የትራፊክ ፖሊሱም ሆነ ከኋላ የተሰለፉት ሚኒባሶች ለምርምር ያላቸው አክብሮት ውሱን መሆኑ ሌላ ጉዳይ ነው። አስጨናቂው ውጤት ማጥፊያው ተጭኖ ምንም ነገር ሳይሆን ሲቀር ነው፤ አንድ ነገር ቆሟል፣ ምን እንደቆመ ግን አይታወቅም፣ የሚታወቀውም ምናልባት ከሁለት ሳምንት በኋላ ቴስታታው፣ ማለትም የሞተሩ የላይኛው ክፍል፣ በሙቀት ሲጣመም ነው።

ይህ ሁሉ ሲባል ሞተር መነካቱ በራሱ ነውር ነው ማለት አይደለም። ለብዙ ዓመታት የአዲስ አበባ ሰማያዊና ነጭ ታክሲ ሆና ያገለገለችው ላዳ ራሷ የማሻሻያ ልጅ ናት፤ እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ በቶልያቲ ከተማ የተመረተችው የጣሊያኑን ፊያት 124 መሠረት አድርጋ ሲሆን፣ የሶቪየት መሐንዲሶች ለመንገዶቻቸው ጠባይ ሲሉ ከመሬት ከፍ አድርገዋታል፣ የኋላውን የዲስክ ፍሬን በታምቡር ተክተዋል፣ ሞተሩንም ቫልቮቹን የሚከፍተውና የሚዘጋው ዘንግ ከላይ በሚገኝበት ሌላ ሞተር ለውጠዋል። ልዩነቱ እያንዳንዱ ለውጥ ምክንያቱ ታውቆና በሥዕል ሰፍሮ መደረጉ ነው። የአገሩም መካኒክ ቢሆን እንዲህ ያለ ሥራ አይጎድለውም። በአዲስ አበባ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ በሩብ ገደማ ስለሚያንስ፣ ለዝቅተኛ ቦታ የተቃኘ ካርቡራተር (ቤንዚንን ከአየር የሚያደባልቀው ክፍል) እዚህ ቤንዚን ያበዛና ካንዴላውን ጥቀርሻ ያለብሰዋል፤ የቤንዚን ማሳለፊያውን ቀዳዳ በአነስተኛ መለወጥ የሊቅ ሥራ ነው። ያው ሥራ እንቆቅልሽ የሚሆነው መኪናዋ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ወደምትገኘው ድሬዳዋ ተሸጣ አየሩ በበረከተላት ጊዜ፣ ቤንዚን ሲያንሳት፣ ሲያንቃትና ሲያግላት ነው፤ አዲሱ ባለቤት ቀዳዳው መለወጡን የነገረው የለምና፣ እርሱ ደግሞ በተራው ቬንትሌተሩን ዳይሬክት ያስደርጋል።

ሞተርን ሙሉ በሙሉ መቀየርም እንዲሁ በራሱ የሚያስከብር ሥራ ነው። መርካቶ ውስጥ ሶማሌ ተራ ሞተር፣ ካምቢዮና ሌላውም የመኪና አካል ተፈትቶ የሚሸጥበት ስፍራ በመሆኑ፣ የቤንዚን ሞተሩ ያረጀበት የሚኒባስ ባለቤት ከዚያ የናፍታ ሞተር ገዝቶ ቢያስተክል፣ ማሰሪያዎቹ በሚገባ ከተበየዱና የራዲያተሩ መጠን ከተስተካከለ፣ መኪናዋ ገና ብዙ ዓመት ታገለግላለች። በዚህ መካከል ደላሎች «3ኤል» የሚባለውን የቶዮታ ናፍታ ሞተር ሦስት ሊትር ነው ብለው ሲያስተዋውቁ መስማት የተለመደ ነው፤ ቁጥሩ የትውልዱ ቁጥር እንጂ የመጠኑ ስላልሆነ ሞተሩ 2.8 ሊትር ነው፣ ሦስት ሊትሩ 5ኤል ነው። እንዲህ ያለው ስሕተት ግን የቅንነት ስለሆነ ይቅር ይባላል። ይቅር የማይባለው ሊብሬው፣ ማለትም የመኪናዋ የባለቤትነት ደብተር፣ ላይ የተጻፈው የሞተር ቁጥር በሞተሩ ብረት ላይ ከተመታው ቁጥር ጋር አልገጥም ሲል «ጸሐፊዋ ተሳስታ ነው» ማለት ነው።

ለፍጥነት ሲባል ስለሚደረጉት ማሻሻያዎች ብዙ ማለት አያሻም፤ አብዛኞቹ የሚሠሩት በጆሮ ላይ እንጂ በሞተር ላይ አይደለምና። የአንድ ሊትር ሞተር ያላት ቪትዝ ማርሚታዋ ተቆርጦ ወፍራም ቱቦ ሲበየድላት ጉልበቷ ሳይሆን ጎረቤቶቿ ይነሣሉ። የአየር ማጣሪያው ቤት ተጥሎ በምትኩ የሚገባው ሾጣጣ ማጣሪያም፣ ከውጭ የሚመጣውን ቀዝቃዛ አየር ትቶ ከራዲያተሩ ጀርባ ያለውን ትኩስ አየር ስለሚስብ፣ ድሮም አየር በሳሳባት ከተማ ሞተሩን ይበልጥ ያስርበዋል። በጭስ ማውጫው ጫፍ ተሰክታ ተርቦ ያለ የምታስመስለውን ፉጨት የፈለሰፈ ሰው ግን ምስጋና ይገባዋል፤ ከእጅ ማሻሻያዎች ሁሉ ምንም ጉዳት ሳታደርስ ምንም ጥቅም የማትሰጥ እርሷ ናት ማለት ይቻላል።

እንግዲህ መኪና ለመግዛት ያሰበ አንባቢ ቀጠሮውን ለጠዋት ቢያደርግና ሻጩ ሞተሩን አሙቆ እንዳይጠብቀው አስቀድሞ ቢነግረው መልካም ነው፤ ሞቆ የተገኘ ሞተር ብዙ ነገር ይደብቃል። ኮፈኑን በእጁ ይንካው፤ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሆኖ ሳለ የራዲያተሩን ክዳን ራሱ ከፍቶ ላስቲኩን ይመልከት፣ የአዲስ ክዳን ዋጋ ከዚያ በኋላ ከሚመጡት ማሻሻያዎች ሁሉ ያንሳልና። ቁልፉን ከፍቶ ሞተሩን ሳያስነሣ የዳሽቦርዱን መብራቶች አንድ በአንድ ይይ፤ ሞተሩ ሲነሣም እያንዳንዱ በየራሱ ጊዜ እንጂ ሁሉም በአንድ ቅጽበት መጥፋት እንደሌለበት ያስታውስ። ቀብድ ከመክፈሉ በፊት የሞተሩንና የሻንሲውን ቁጥር ከሊብሬው ጋር ያመሳክር። በሽያጩ ውል ላይ የሰሌዳ፣ የሞተርና የሻንሲ ቁጥር ሲሰፍር ደግሞ ከሥር አንዲት መስመር እንድትጨመር ይጠይቅ፦ «ከመሪው ሥር ያለው ማብሪያ ማጥፊያ ሥራው ………… ነው»። ሻጩ ነጠብጣቡን መሙላት ካልቻለ ዋጋው ይቀነስ።